የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልማዶች፦ «ከጥንት ጀምሮ» ስንል የትኛውን ጥንት ነው?

ደብተር ያዥ (ጥያቄ አቅራቢ)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ የተማርኩበት የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምሥረታ ኢዮቤልዩውን ሊያከብር በመሆኑ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ለበዓሉ በሚታተመው መጽሔት «ታሪካችንና ልማዳችን» የሚለውን ክፍል እንድጽፍ አደራ ጥሎብኛል። የትምህርት ቤቱን ስም የማልጠቅሰው ሆን ብዬ ነው፤ ጥያቄዬ በየትኛውም አገር በእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሊጠይቀው የሚችል ነውና።

በእኛ ዘንድ የነበሩት ልማዶች የሚከተሉት ናቸው። እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሲጀመር አንድ ተማሪ «በእግዚአብሔር ቅዱስ ፊት መሆናችንን እናስታውስ» ይላል፤ ከዚያም ክፍለ ጊዜው የፊዚክስም ቢሆን ለጥቂት ሰከንዶች ዝም እንላለን። በፈተና ወረቀት የላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ አራት የላቲን ፊደላት እንጽፋለን፤ የረሳ ተማሪ ወረቀቱ ይመለስለታል። የሒሳብ መምህራችን ወረቀት ሲቀበሉ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው መልሱ ላይ ሳይሆን እዚያ ጥግ ላይ ነበር፤ ፊደላቱ ከሌሉ ምንም ሳይናገሩ ጥጉን በጣታቸው ነካ ነካ ያደርጉታል። ጠዋት በሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህሩ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ንግግር ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ክፍል በሁለት ጎራ ተከፍሎ በነጥብ ይፎካከራል። በመጨረሻው ዓመት ለሦስት ቀን ሱባኤ እንወጣለን፤ እዚያ የሚሆነውን ለታናናሾቻችን መንገር ነውር ነው። በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ባለው ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ደግሞ አገልግሎቱን ማንም የማያውቀው አንድ የእንጨት ዕቃ ተቀምጧል፤ እጀታ አለው፣ በላዩ ላይ በጅማት የታሰረች ትንሽ ዘንግ አለችው፣ ዘንጓን ሲጫኗት «ቀጭ» ትላለች።

ስለ እነዚህ ነገሮች የጠየቅኋቸው ሁሉ «ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው» ይሉኛል። የትኛው ጥንት እንደሆነ ስጠይቅ አንዱ «አባቶች ያመጡት» ይላል፣ ሌላው «ከቫቲካን የታዘዘ» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ጠየቅሁ ይቀየመኛል። የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መዝገብ አገላባጭ

ውድ ደብተር ያዥ፣ «ከቫቲካን የታዘዘ» የሚለውን ከወዲሁ ከመጽሔትዎ ቢያወጡት ይሻላል። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንዲት እናት የወለደቻቸው ይመስለናል እንጂ፣ አብዛኞቹ አንድ ገዳማዊ ማኅበር ወይም አንድ ሀገረ ስብከት የመሠረታቸው ናቸው፤ ልማዶቻቸውም የሚቀዱት የዚያ ማኅበር መሥራች በዘመናቸው ከገጠማቸው የዕለት ችግር ነው። አሁን ልማድ የምንለው ብዙው ነገር መጀመሪያ ላይ ለሥራ የሚያስፈልግ መሣሪያ ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ላሳስብ።

የእርስዎን ትምህርት ቤት ወላጅ ለማወቅ ከእንጨቱ ዕቃ መነሣት ይቻላል። ስሙ በፈረንሳይኛ «ሲኛል» ነው፤ ምልክት መስጫ ማለት ነው። የመጣውም ከቅዱስ ዣን ባፕቲስት ደ ላሳል ቤት ነው። ላሳል በ1651 በፈረንሳይ በሪምስ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። ከ1680 ገደማ ጀምሮ የድሆችን ልጆች የሚያስተምሩ ጎልማሶችን ሰብስበው በገዛ ቤታቸው ማኖር ጀመሩ፤ ለአንድ የካቴድራል ካህን ይህ ዘመዶቹን የሚያስቆጣ ውርደት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ረሀብ በገባ ጊዜም ሀብታቸውን ለተራቡት አከፋፈሉ። ከእርሳቸው የወጣው ማኅበር ዛሬ «የላሳል ወንድሞች» ወይም በተለምዶ «ብራዘሮች» የምንላቸው ነው።

በዚያ ዘመን የድሃ ልጆች መምህር ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛው እየጠራ ሲያስነብብ የቀሩት እጃቸውን አጣጥፈው ይውሉ ነበር። ላሳል ይህን ትተው ክፍሉን በሙሉ በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ጊዜ፣ ያውም በላቲን ሳይሆን ልጆቹ በሚናገሩት በፈረንሳይኛ ማስተማርን ሥርዓት አደረጉት። አንድ ሰው ያን ሁሉ ልጅ በጩኸት ሊመራ ቢሞክር ድምፁ በሳምንት ይዘጋል። ስለዚህ መምህሩ ከመናገር ይልቅ ሲኛሉን ያስጮህ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቀጭ ካለ አንባቢው ያቆማል፣ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ካለ የተሳሳተውን መልሶ ያነባል። የዚህ ሁሉ ዝርዝር የሰፈረበት የትምህርት ቤቶች አመራር መመሪያቸው በ1720፣ ማለትም ባረፉ በዓመቱ ታትሟል። «በእግዚአብሔር ቅዱስ ፊት መሆናችንን እናስታውስ» የሚለውም የእነርሱ ቤት የታወቀ ጸሎት ነው፤ በዓለም ዙሪያ ባሉ የላሳል ትምህርት ቤቶች ዛሬም ይባላል። የእርስዎን ትምህርት ቤት ወንድሞች መሥርተውት እንደሆነ ብጠረጥር አልሳሳትም።

አንድ ነገር ግን አልገጠመልኝም። ላሳል ወንድሞቹ ካህናት እንዳይሆኑ፣ ላቲንም እንዳያስተምሩ ከልክለዋል፤ ላቲን የያዘ መምህር ከድሆች ልጆች ይልቅ ወደ ባለጸጎች ኮሌጅ ያዘነብላል የሚል ሥጋት ነበራቸው። የላቲኑ ክልከላ የተነሣው በ1923 ነው። በመካከሉ ያሉት ሁለት መቶ ዓመታት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብዙ ትርጉም ነበራቸው፤ ወንድሞቹ በሩዋን አጠገብ በሴን ዮን ከ1705 ጀምሮ የከፈቱት አዳሪ ትምህርት ቤት በላቲን ምትክ የንግድ ሒሳብንና የመሳሰለውን የሥራ ዕውቀት ያስተምር የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ላቲን ያልነበረበት ቤት አራት የላቲን ፊደላትን ከየት አመጣ?

የላቲን ቀሪ

ለዚህኛው ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ አምስት ዓመት ሙሉ እነዚያኑ ፊደላት ስጽፍ ኖሬያለሁና። ሲነበቡ «አድ ማዮሬም ዴይ ግሎሪያም» ናቸው፤ «ለላቀ የእግዚአብሔር ክብር» ማለት ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር፣ በተለምዶ ጀስዊቶች የምንላቸው፣ መሪ ቃል ነው። በእኛ ዘንድ ከወረቀቱ ግርጌ ደግሞ ሦስት ፊደላት ይጨመሩ ነበር፤ «ላውስ ዴዎ ሴምፔር»፣ «ምስጋና ዘወትር ለእግዚአብሔር» ለማለት። የማያውቁትን ጥያቄ ባዶ ትተው ከግርጌው ምስጋናውን ብቻ ጽፈው ያስረከቡ የክፍል ጓደኞች ነበሩኝ፤ መምህሩ አንዱን ወረቀት «ምስጋናው ተቀባይነት አግኝቷል፣ መልሱ ግን አልደረሰም» ብለው መልሰውታል።

የሚገርመው፣ ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ ማኅበራቸው በ1540 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሣልሳዊ ሲፈቀድ ትምህርት ቤት የመክፈት ሐሳብ አልነበራቸውም። የእርሳቸው ሰዎች ወደ ተላኩበት ቦታ ሁሉ ለመሄድ ዝግጁ የሆኑ ተጓዦች እንዲሆኑ ነበር የተፈለገው። የሲሲሊዋ መሲና ከተማ ሰዎች ለልጆቻችን መምህራን ላኩልን ብለው ሲለምኑ ግን አሥር ሰዎች ተላኩ፤ በ1548 የተከፈተው ያ ኮሌጅ የጀስዊቶች ትምህርት ቤቶች ሁሉ በኩር ሆነ። በ1551 በሮም የተከፈተው በደጃፉ ላይ «የሰዋስው፣ የሥነ ጽሑፍና የክርስትና ትምህርት ቤት፣ በነፃ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎበት ነበር። የመጨረሻዋን ቃል አስተውሉልኝ፤ ዛሬ ብዙ ወላጅ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው ክፍያውን ነውና።

በ1599 የወጣው «ራሲዮ ስቱዲዮሩም» የተባለው የጥናት ሥርዓት ደግሞ በየአገሩ የተበተኑትን ኮሌጆች በአንድ መልክ አስተሳሰረ። የታችኛው ትምህርት ሦስት የሰዋስው ክፍሎች፣ ከዚያ የሥነ ጽሑፍ ክፍል፣ በመጨረሻም የንግግር ጥበብ ክፍል ነበረው። ይህ አከፋፈል በእንግሊዝ በሚገኘው በስቶኒኸርስት ዛሬም በክፍሎቹ ስም ላይ ይታያል፤ እዚያ ተማሪ «ሰዋስው»፣ «አገባብ»፣ «ግጥም»፣ «ንግግር ጥበብ» እየተባለ ክፍል ይቆጥራል። ስቶኒኸርስት ራሱ ስደተኛ ትምህርት ቤት ነው፤ ካቶሊካዊ ትምህርት በእንግሊዝ በተከለከለበት ዘመን በ1593 ዛሬ በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በሴንት ኦሜር ተመሠረተ፣ በ1762 ወደ ብሩዥ፣ በ1773 ወደ ልየዥ ተሰደደ፣ ወደ አገሩ የገባው በ1794 ነው። ሕንፃው ሦስት ጊዜ ተቀይሮ የክፍሎቹ ስም ግን አልተቀየረም።

ደብተር ያዥ የጠቀሱት የሁለት ጎራ ፉክክርም የእኛው ነው። በድሮዎቹ ኮሌጆች ክፍሉ «ሮም» እና «ካርቴጅ» ተብሎ ይከፈል ነበር፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከተቃራኒው ጎራ የተመደበለት ተፎካካሪ አለው፣ እርሱ ሲሳሳት ወዲያው ተነሥቶ ያርመዋል። በዱላ ከማስጠናት በክብር ፉክክር ማስጠናት ይሻላል ተብሎ የታሰበ ዘዴ ነው። በላ ፍሌሽ ኮሌጅ የተማረው ፈላስፋው ዴካርትም፣ በፓሪሱ ሉዊ ለ ግራን ኮሌጅ የተማረው ደራሲው ቮልቴርም በዚህ ሥርዓት ያለፉ ናቸው፤ ሁለተኛው ያስተማሩትን ምን ያህል እንዳመሰገነ ግን የሌላ ክር ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ወዳጄ ደብተር ያዥ፣ ያለ ጥርጥር ትምህርት ቤትዎ የጀስዊቶች ነው።

መዝገብ አገላባጭ

«ያለ ጥርጥር» የሚለው ቃል ቢቀር። ሲኛሉንስ የት እናደርገዋለን?

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ሁለታችሁም የረሳችሁት የጠዋቱን ንግግር ነው። ሠላሳ ዓመት በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች አስተምሬያለሁ፤ ያን ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ንግግር ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ላስረዳ።

ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በቱሪን ከተማ ቫልዶኮ በተባለ ሰፈር ሥራ ፍለጋ ከገጠር የፈለሱ ልጆችን ይሰበስቡ ነበር። በ1847 በአንድ ዝናባማ ምሽት አንድ ወላጅ አልባ ልጅ በስብሶ መጥቶ በር አንኳኳ። አብረዋቸው የሚኖሩት እናታቸው ማርጌሪታ ልጁን ከእሳት አጠገብ አሙቀው፣ አብልተው፣ ወጥ ቤት ውስጥ በጡብና በሳንቃ አልጋ አበጁለት። ልጁ ከመተኛቱ በፊት ስለ ሥራ፣ ስለ ታማኝነትና ስለ ሃይማኖት ጥቂት ቃል ነገሩት። ዶን ቦስኮ ይህችን ነገር ያዟት፤ አዳሪዎቹ ሲበዙ በየማታው ከመኝታ በፊት አጭር የአባት ምክር መስጠት ደንብ ሆነ፤ እርሳቸው የመሠረቱት የሳሌዥያን ማኅበር ሰዎች «መልካም ሌሊት» ይሏታል። አዳሪ በሌለባቸው ትምህርት ቤቶች ምክሯ ወደ ጠዋት ተዛውራ «መልካም ጠዋት» ሆነች። ማጠሯ ዋና ነገሯ ነው፤ የረዘመች ዕለት ስብከት ትሆናለች፣ ልጆቹም እግር መቀያየር ይጀምራሉ።

ደብተር ያዥ፣ እንግዲህ የእርስዎ ትምህርት ቤት ከሦስት ቤት የተዋሰ ነው ማለት ነው። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ርዕሰ መምህር ይቀየራል፣ መምህር ከሌላ ማኅበር ትምህርት ቤት ይመጣል፣ ማኅበሩ ራሱ ሰው ሲያንሰው ትምህርት ቤቱን ለሀገረ ስብከቱ ያስረክባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ይህ በብዙ አገር ሆኗል። ለምሳሌ በአሜሪካ በ1920 ከካቶሊክ ትምህርት ቤት መምህራን ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት ገዳማውያንና ካህናት ነበሩ፤ በ1970 ከግማሽ በታች ሆኑ፤ ዛሬ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም። ቀሪዎቹ እንደ እኔ ያለን፣ ትዳርና ልጅ ያለን ምእመናን ነን፤ ከተማርንበት ያየነውን ይዘን እንመጣለን።

ነጭ ኮሌታ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እስካሁን የተጻፈውን ያነበበ ሰው የካቶሊክ ትምህርት ቤት በወንዶች ተመሥርቶ ወንዶችን ብቻ ያስተማረ ይመስለዋል። እኔ የሲስተሮች ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ የኛ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ቅድስት አንጀላ ሜሪቺ በብሬሻ ከተማ የቅድስት ኡርሱላን ማኅበር ከ28 ወጣት ሴቶች ጋር የመሠረቱት በ1535 ነው፤ ኢግናጢዮስ ማኅበራቸውን ከማስፈቀዳቸው አምስት ዓመት አስቀድሞ። ኡርሱላውያቱ በ1639 ኩቤክ ገብተው፣ በ1727 ደግሞ በኒው ኦርሊንስ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር፤ የኋለኛው እስካሁን አለ።

ከሁሉ የምወደው ግን የሜሪ ዋርድን ታሪክ ነው። እንግሊዛዊቷ ሜሪ በ1609 በሴንት ኦሜር ከጓደኞቿ ጋር ሆና፣ በአጥር ውስጥ ሳይዘጉ ልጃገረዶችን የሚያስተምሩ ሴቶች ማኅበር አቋቋመች፤ የኢየሱሳውያንን ሥርዓት ለሴቶች ይሁን ነበር ያለችው። ይህ ለዘመኑ ከመጠን ያለፈ ነበር። በ1631 ማኅበሯ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ ስምንተኛ ትእዛዝ ተበተነ፤ እርሷም በሙኒክ በአንድ ገዳም ታሰረች። ከእስር ቤት ለጓደኞቿ የምትጽፈው በሎሚ ጭማቂ ነበር፤ ወረቀቱ ባዶ ይመስላል፣ እሳት አጠገብ ሲይዙት ግን ጽሑፉ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን መሥራች ብላ በይፋ የተቀበለቻት በ1909 ነው፤ ከሞተች ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እኛን ሲስተሮቹ ስለ መታዘዝ ሲያስተምሩን ይህን አንድ ቀን እንኳ አልነገሩንም።

ስለ ልማድ ከተነሣ፣ ቅድስት ማድሌን ሶፊ ባራ በ1800 በመሠረቱት የቅዱስ ልብ ማኅበር ትምህርት ቤቶች ሁለት የሚያማምሩ አሉ። አንዱ «ኮንዤ» ይባላል፤ ሳይታወጅ በድንገት የሚሰጥ የዕረፍትና የጨዋታ ቀን ነው፣ ውበቱም ቀኑ አስቀድሞ አለመታወቁ ላይ ነው። ሁለተኛው ኦክቶበር 20 የሚከበረው የ«ማቴር አድሚራቢሊስ»፣ ማለትም የ«ድንቅ እናት» በዓል ነው። በሮም በአንድ ገዳማቸው ግድግዳ ላይ አንዲት ወጣት የማኅበሩ እጩ በ1844 ድንግል ማርያምን እንደ ተማሪ ልጃገረድ አድርጋ ሣለቻት፤ ቀሚሷ ሮዝ ነው፣ ከጎኗ መጽሐፍና የፈትል መሣሪያ አለ። ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ በጣም ደምቆ ስለታየ እመ ምኔቷ በጨርቅ እንዲሸፈን አዘዙ ይባላል፤ ሲደርቅና ሲገለጥ ቀለሙ ረግቶ ተገኘ። እመቤታችን እንደኛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠች ስትመስል የምታዩበት ሥዕል ይህ ነው።

ጥያቄ ምልክት

በዚህ ሁሉ ጣፋጭ ትዝታ መካከል አንድ መራራ ነገር ላንሣ። እኔም በካቶሊክ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ «ልማድ» ተብሎ የተጠራው ብዙው ነገር ፍርሃት ነበር። ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት ያረፈደ ልጅ ጠጠር ላይ ይንበረከክ ነበር፤ ይህንንም «ተግሣጽ» ይሉታል። ይህ የግል ቅሬታዬ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። በአየርላንድ በ2009 የወጣው የምርመራ ሪፖርት በገዳማውያን ይተዳደሩ በነበሩ የሕፃናት ተቋማት ውስጥ ድብደባና በደል ለአሥርተ ዓመታት የተለመደ እንደነበረ አረጋግጧል። በካናዳ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው በገቡባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹን ያስተዳድር የነበረው የካቶሊክ ወገን ነበር፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2022 እዚያው ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። ደብተር ያዥ፣ መጽሔትዎ የሮዙን ቀሚስ ብቻ ነው ወይስ ይህንንም ይጽፋል?

ጡረተኛው መምህር

ወንድሜ ጥያቄ ምልክት ያሉት እውነት ነው፤ እኔም በወጣትነቴ አለንጋ የያዝኩበት ጊዜ ስለነበረ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም። ተቋማቱ እንደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚቆጠሩ አይደሉም ብሎ መሸሽ ይቻላል፤ የሚያስተዳድሩት ማኅበራት ግን አንዳንዶቹ አንድ ስለሆኑ ሽሽቱ ሩቅ አያደርስም።

በመጽሔት ላይ ለመጻፍ የሚረዳ አንድ ነገር ልጨምር። ሙግቱ በራሱ በቤቱ ውስጥም ነበረ። በላሳል መመሪያ ቅጣት አለ፤ ነገር ግን መምህሩ በቁጣ ሳለ እንዳይቀጣ ይገድባል። ዶን ቦስኮ በ1877 የጻፉት «የመከላከል ሥርዓት» ደግሞ ከዚያ አልፎ ይሄዳል፤ ጥፋት ጠብቆ መቅጣት የሰፈር ወታደር ሥራ እንጂ የአስተማሪ አይደለም፣ ልጁ ጥፋት ላይ ከመድረሱ በፊት አጠገቡ ተገኝ የሚል ነው። ሦስት ቃላት አሉት፤ አስተውሎት፣ ሃይማኖት፣ ፍቅራዊ ደግነት። እነዚህ ቃላት በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተጽፈው ከሥራቸው ልጅ የሚገረፍበት ትምህርት ቤት አይቻለሁ። ስለዚህ ደብተር ያዥ የግድግዳውን ጽሑፍ ብቻ ገልብጠው እንዳያትሙ።

የላቲን ቀሪ

ስለ ሱባኤው ማንም አልተናገረም። ሥሩ ሩቅ ነው፤ ኢግናጢዮስ በሠላሳ ቀን የሚፈጸም የመንፈሳዊ ልምምድ መመሪያ ትተዋል፣ በ1548 በቤተ ክርስቲያን ጸድቋል። ይሁን እንጂ ደብተር ያዥ የሚያውቁት ዓይነት፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ራሳቸው ንግግር የሚያደርጉበት፣ ወላጆች በምሥጢር የጻፉት ደብዳቤ ለልጆቹ በድንገት የሚሰጥበትና ስለ ሁሉም ዝም የሚባልበት ሱባኤ፣ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962–1965) በኋላ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋ ነው። «ከጥንት ጀምሮ» የተባለው ከብዙ ወላጆቻችን ዕድሜ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያው ዘመን የመጣ ሌላም ነገር አለ። የጀስዊቶች ትምህርት ቤቶች ሁሉ ዛሬ የሚሉት «ለሌሎች የሚኖሩ ሰዎች» የሚለው ቃል፣ የማኅበሩ የበላይ አባ ፔድሮ አሩፔ ጁላይ 31 ቀን 1973 በስፔን ቫሌንሲያ ለቀድሞ ተማሪዎች ባደረጉት ንግግር የታወቀ ነው። ንግግሩን አስቡት፤ አዳራሹ በባለሥልጣንና በባለጸጋ የቀድሞ ተማሪ ተሞልቶ ሳለ፣ ስለ ፍትሕ አስተምረናችኋል ወይ ብለው ጠይቀው «አላስተማርናችሁም» ብለው ራሳቸው መለሱ። ከታዳሚው የተቆጡ ነበሩ። አሁን ያው ቃል በስፖርት ሹራብ ላይ ሳይቀር ይታተማል።

ነጭ ኮሌታ

የደብዳቤውን ምሥጢር እዚህ መጻፍዎ ነውር አይደለም እንዴ? ታናሽ እህቴ ይህን መድረክ ታነባለች!

የላቲን ቀሪ

እህቴ፣ አጥፍቻለሁ። ታናሽዎ ደብዳቤው ሲሰጣት እንዳላወቀች ትሁን።

ደብተር ያዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሳምንት ፍለጋ በኋላ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መዝገብ አገላባጭ እንደ ጠረጠሩት መሥራቾቹ ወንድሞች ናቸው፤ በመጀመሪያው የንብረት መዝገብ ላይ ከወንበሮቹና ከጥቁር ሰሌዳዎቹ ቀጥሎ «ሲኛል፣ 4» ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ብቻ ነው የቀረው። የጠዋቱ ንግግር የመጣው ደግሞ በሳሌዥያን ትምህርት ቤት ካደጉ አንድ ርዕሰ መምህር ጋር ነው፤ አንድ አረጋዊ የቀድሞ ጸሐፊ ይህን ያስታውሳሉ።

አራቱን ፊደላት ለማግኘት ወደ ዕቃ ቤት ገባሁ። ጸሐፊው ሳይጥሏቸው የቀሩ ሦስት ካርቶን የፈተና ወረቀቶች አሉ። የጥንቶቹ ወረቀቶች በራስጌያቸው ላይ በእርሳስ የተሠራች ትንሽ መስቀል እንጂ ምንም የላቸውም። እንዲህ እያለ ሁለት ካርቶን አለቀ። በሦስተኛው ካርቶን ውስጥ በአንድ የትምህርት ዓመት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ትምህርት ብቻ ፊደላቱ ድንገት ብቅ ይላሉ። ትምህርቱ ሒሳብ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በሦስት ክፍሎች ይታያሉ፣ ከዚያ በሁሉም ክፍልና በሁሉም ትምህርት። በመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ላይ ተማሪዎቹ የረሱትን ፊደላት በቀይ ቀለም ጥጉ ላይ እየጨመረ የጻፈላቸው እጅ አለ፤ የእጅ ጽሕፈቱን ገና ሳየው አወቅሁት። ጥጉን በጣታቸው ነካ ነካ የሚያደርጉት የሒሳብ መምህራችን ናቸው። ካህን አልነበሩም፣ ወንድምም አልነበሩም፤ የቤተሰብ ኃላፊ ነበሩ። ልጃቸውን ጠይቄ እንደተረዳሁት የተማሩት በሌላ አገር በጀስዊቶች ዘንድ ነው። የሁለቱን ጎራ ፉክክርም ሳይጀምሩት አልቀሩም፤ ለዚህ ግን ወረቀት አላገኘሁለትም።

የማኅበራችን ሊቀ መንበር ይህን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም፤ «ከጥንት ጀምሮ የነበረን ነገር የአንድ መምህር አመል አደረግኸው» አሉኝ። እኔ ግን መስቀሏ ያለችበትንና ቀይ ቀለሙ ያለበትን ወረቀት ጎን ለጎን ለማተም ወስኛለሁ። ለጥያቄ ምልክትም ልመልስ፤ ተቀጥተው ትምህርት ያቋረጡ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎች ስማቸው ሳይጠቀስ የሚናገሩበት አንድ ገጽ ይኖራል፣ ርዕሰ መምህሩ ፈቅደዋል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ሲኛሉን ለኤግዚቢሽኑ ከቁም ሣጥን ሲያወጡት የዘንጓ ጅማት ሰልስሎ ሊበጠስ ደርሷል። ልተካው ወይስ እንዳለ ልተወው?

መዝገብ አገላባጭ

እንዳለ ይተዉት፤ ለማሳያ ግን የእንጨት ሠራተኛ ልኩን ወስዶ አንድ ቅጂ ይሥራልዎ። በኤግዚቢሽኑ ዕለት ልጆች መንካት ስለሚፈልጉ ቅጂው ጠንካራ ይሁን።

ጡረተኛው መምህር

የመምህርዎን ልጅ ቀይ ቀለም ያለበትን አንድ ወረቀት ይስጧቸው፤ ሦስት ካርቶን ሙሉ አለዎት።